ኢሜይሉ ሲቆም ጥፋቱን ከየት እንፈልግ?

ደብረ ማርቆስ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁለት ድምፅ እሰማለሁ። አንዱ የሰፈር ልጆች "መጣ!" የሚሉት ነው። ሌላው የስልኬ ጥሪ ነው። የሚደውሉት ከሒሳብ ክፍል እትዬ ናቸው።

"አንተ ልጅ፣ ኢሜይሉ ዛሬም እምቢ አለ።"

"መጣሁ እትዬ፣ አሁኑኑ አየዋለሁ።"

ድሮ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነበር፤ ኢሜይል ሰርቨሩን ሪስታርት ማድረግ። አንዳንዴ ይሠራል። ለምን እንደሠራ ግን አላውቅም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜም ያው ነኝ። አሁን ሪስታርት የማደርገው መጨረሻ ላይ ነው።

ኢሜይል ሰርቨር ብቻውን የሚያውቀው ነገር ጥቂት ነው። ከቡሬ ደብዳቤ ይዞ መጥቶ መናኸሪያ የወረደ እንግዳ አስቡ። ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት። ቤቱ በየት በኩል ነው? የተባለው ሰውስ እዚያ ይኖራል? የመጀመሪያውን የሚመልሰው የስም ሰርቨሩ፣ ማለትም ዲኤንኤስ ነው። ሁለተኛውን የሚመልሰው ዳይሬክተሪው ነው፤ ኤልዳፕ ወይም አክቲቭ ዳይሬክተሪ። ሁለቱ ዝም ካሉት እንግዳው ደብዳቤውን እንደያዘ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰው የሚያየው የቆመውን እንግዳ ስለሆነ ነገሩ ሁሉ በእሱ ላይ ይላከካል።

ከታች የምጠቅሳቸው ትእዛዞች የሊኑክስና እዚያ ላይ የሚሠራው የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም የፖስትፊክስ ናቸው። የማይክሮሶፍቱን ኤክስቼንጅ የምትጠቀሙም ብትሆኑ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

መጀመሪያ ሎጉን አንብቡ

ምንም ሳትነኩ የኢሜይል ሎጉን፣ ማለትም ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል ክፈቱ። ሰዓቱን ልብ በሉ። ብዙ ሰርቨር የሚጽፈው በዩቲሲ፣ ማለትም ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት ነው። እትዬ "ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ነው" ካሉኝ፣ እኔ ሎጉ ውስጥ የምፈልገው 05:00 አካባቢ ነው። ይህን ሳላውቅ የተሳሳተ ሰዓት ሳነብ ያረፈድኩበት ቀን አለ።

ከዚያ የስሕተቱን ቁጥር እዩ። በ4 የሚጀምር ከሆነ "ለጊዜው አልተቻለም" ማለት ነው። መልእክቱ ወረፋ ላይ ይቆያል፤ ፖስትፊክስ ካልተነካ በቀር እስከ 5 ቀን ይሞክራል። በ5 የሚጀምር ከሆነ ግን በቃ፣ መልእክቱ ለላኪው ይመለሳል። ዳይሬክተሪው ጨርሶ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የምታዩት 451 እና "ፍለጋው ለጊዜው አልተሳካም" የሚል መልስ ነው። ይህ ደግ ነው፤ ምንም አይጠፋም። የሚያስፈራው ዳይሬክተሪው ተነስቶ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ነው። "እንዲህ የሚባል ሰው የለም" ካለ፣ ሰርቨሩ አምኖት 550 ብሎ ደብዳቤውን ይመልሰዋል።

ለዚህ ነው እስክጠግን ድረስ የፖስትፊክስን "ሶፍት ባውንስ" የምከፍተው። ባለ5 እምቢታዎችን ወደ ባለ4 ይቀይራል። ወረፋውን ደግሞ አታጽዱ። እባካችሁ።

ቀጥሎ ስሞቹን ፈትሹ

ይህን ከላፕቶፓችሁ አትሞክሩ። ላፕቶፓችሁ ሌላ የስም ሰርቨር ሊጠይቅ ይችላል። ኢሜይል ሰርቨሩ ላይ ገብታችሁ ዲኤንኤስን በሚጠይቀው በዲግ ትእዛዝ ሦስት ነገር ጠይቁ። የዳይሬክተሪ ሰርቨራችሁ ስም ወደ ትክክለኛው አድራሻ ይመራል? የአንድ የውጭ ድርጅት የኤምኤክስ ሪከርድ (ደብዳቤው ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚላክ የሚናገረው) ይመጣል? የራሳችሁ የውጭ አይፒ ተገላቢጦሽ ስምስ (ከቁጥሩ ተነስቶ ወደ ስም የሚመራው) አለው? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ተገላቢጦሽ ስም ከሌላችሁ ጂሜይልን የመሰሉ ተቀባዮች መልእክታችሁን አይቀበሉም።

መልሱንም ለይታችሁ አንብቡ። "ይህ ስም የለም" ማለት ሰርቨሩ እየሠራ ነው፤ ሪከርዱ ነው የጎደለው ወይም የጠየቃችሁት የማይመለከተውን ነው። "ልመልስ አልቻልኩም" ካለ ችግሩ ከእሱ በላይ ባሉት ሰርቨሮች ወይም በራሱ ዞን (በያዘው የስሞች መዝገብ) ላይ ነው። ዝም ካለ ደግሞ መንገዱ ተዘግቷል ወይም ሰርቨሩ ወድቋል። ዲኤንኤስ የሚጠየቅበት በር፣ ፖርት 53፣ በሁለቱም የመላኪያ መንገዶች፣ በዩዲፒም በቲሲፒም ክፍት መሆን አለበት። ፋየርዎል ላይ ዩዲፒውን ብቻ ከፍቶ የሚተው ብዙ ነው፤ ከዚያ ትልልቅ መልሶች ብቻ ይጠፋሉ፣ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ይመስላችሁና ትደናገራላችሁ።

የስም ሰርቨሮች ዝርዝር ያለበትን የሪዞልቭ ኮንፍ ፋይል ክፈቱና እያንዳንዱን በተራ ጠይቁ። ሊኑክስ ከዝርዝሩ የሚጠቀመው 3 ብቻ ነው፤ ካልነካችሁት በቀር እያንዳንዱን 5 ሰከንድ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ከሞተ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ 5 ሰከንድ ይዘገያል። አንድ መልእክት ለመቀበል ደግሞ ብዙ ጥያቄ ይጠየቃል፤ የላኪው ስም፣ የቆሻሻ ላኪዎች ጥቁር መዝገብ፣ የዳይሬክተሪው አድራሻ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከሞተ የስም ሰርቨር የሚያዘግም ይከፋል። የሞተው ቢያንስ በግልጽ ይታያል።

አንድ የተለመደ ወጥመድ አለ። አንድ ሰው "ለመጠባበቂያ" ብሎ የጎግልን የሕዝብ የስም ሰርቨር 8.8.8.8ን ከውስጥ ሰርቨሩ ጎን ይጨምራል። ጎግል የእናንተን የውስጥ ስም ከየት ያውቀዋል? "የለም" ይላል። "የለም" ደግሞ ሙሉ መልስ ስለሆነ ማሽኑ ሌላውን መጠየቁን ይተዋል። አልፎ ተርፎ ጥቁር መዝገብ የሚያቀርበው ስፓምሃውስ በእንዲህ ዓይነት የሕዝብ ሰርቨር በኩል የሚመጣ ጥያቄን አያስተናግድም። በዝርዝሩ ላይ በዋናውም በመጠባበቂያውም ቦታ የውስጥ ሰርቨሮችን አስገቡ። የውስጡ ዞን እዚያው ከተቀመጠ፣ ከደጀን ማዶ ያለው መስመር ቢቆረጥ እንኳ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚሄደው ደብዳቤ አይቆምም።

አሁን ወደዚያ የሪስታርት ምሥጢር ልመልሳችሁ። ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ ፖስትፊክስ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በራሱ አጥር ውስጥ ሆኖ ነው። የሪዞልቭ ኮንፍ ፋይልም የራሱ ቅጂ አለው። ዋናውን ስታስተካክሉ ዲግ ወዲያው ይሠራል፤ ፖስትፊክስ ግን ከአሮጌው ቅጂ እያነበበ የድሮውን ሰርቨር ይጠይቃል። ቅጂው የሚታደሰው አገልግሎቱ ሲነሳ ነው። ሪስታርቱ "ይፈውሰኝ" የነበረው ለዚህ ኖሯል!

አድራሻ ቀይራችሁ ከሆነ ደግሞ የድሮው መልስ ሳይረሳ ይቆያል። ይህች ከተማ ድሮ መንቆረር ነበር ስሟ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ማርቆስ አሏት። አሮጌው ስም ከሰው አፍ በአንድ ቀን አልጠፋም። የዲኤንኤስ መልስም የተሰጠው ዕድሜ እስኪያልቅ ይቆያል። 86400 ሰከንድ ከተባለ አንድ ቀን ሙሉ ነው። ሰርቨር ከማዛወራችሁ ከአንድ ቀን በፊት ወደ 300 አውርዱት።

ሰዓቱን እዩ

አጭር ናት፣ ግን እኔን ግማሽ ቀን በልታኛለች። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የዳይሬክተሪው ሰዓት ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ነበር። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ አልቃለች። የዳይሬክተሪው መግቢያ ፈታሽ የሆነው ከርቤሮስ በሁለት ማሽኖች መካከል የሚፈቅደው ልዩነት በተለመደው አቀማመጥ 5 ደቂቃ ነው። ከዚያ ካለፈ ትክክለኛ ፓስወርድም አይገባም። ሰርተፊኬቶቹም (የማሽኖቹ መታወቂያዎች) "ገና አልጸናም" ይላሉ። የሰዓት ሰርቨሩን በስም ጽፋችሁት ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ዲኤንኤስ ይፈልጋል። ቢያንስ አንዱን በአይፒ ጻፉት።

ከዚያ ዳይሬክተሪውን ጠይቁ

ፖርት 389 ወይም በተመሰጠረው መንገድ 636 መድረሱን አረጋግጡ። ኤክስቼንጅ ካላችሁ የግሎባል ካታሎጉን (የዳይሬክተሪውን ጠቅላላ ማውጫ) ፖርት 3268 ጨምሩ። ከዚያ ዳይሬክተሪውን በሚፈልገው በኤልዳፕሰርች ትእዛዝ አንድ ሰው ፈልጉ። በእናንተ የአድሚን ፓስወርድ ግን አይሁን። ኢሜይል ሰርቨሩ በሚገባበት የአገልግሎት አካውንት ሞክሩ። በእናንተ ቢሠራ ለእሱ ምን ይጠቅመዋል?

ስሕተት 49 ከመጣ መግቢያው ነው የተበላሸው። አክቲቭ ዳይሬክተሪ አጠገቡ ሌላ ኮድ ይጽፋል፤ 532 ፓስወርዱ ጊዜው አልፏል፣ 775 አካውንቱ ተቆልፏል ማለት ነው። 532ን ደጋግሜ አይቻለሁ። አንድ ሰው "ሁሉም ፓስወርድ በየ3 ወሩ ይቀየር" ብሎ ደንብ ያወጣል፤ ፓስወርዱን የሚቀይርለት ሰው የሌለው የኢሜይል ሰርቨሩ አካውንት ግን አብሮ ይያዛል። ስሕተት 32 ከሆነ የፍለጋው መነሻ ቅርንጫፍ ተሳስቷል።

ፍለጋው ከሠራ በመጨረሻ በፖስትፊክሱ ፖስትማፕ ትእዛዝ አንድ የታወቀ አድራሻ ጠይቁት። ይህ ፖስትፊክስ የሚጠቀምበትን ያንኑ የኤልዳፕ ቅንብር ስለሚያነብ፣ እዚያ ያለ የፊደል ስሕተት ይጋለጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከዲኤንኤስ ለመገላገል ብሎ ቅንብሩ ላይ የዳይሬክተሪውን አይፒ የሚጽፍ አለ። በ636 ስትገቡ ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ስም ስለሆነ ላይስማማ ይችላል። ምርኩዝ ካስፈለጋችሁ ስሙንና አይፒውን የሆስትስ ፋይል ውስጥ ጻፉና እዚያ እንዳለ ማስታወሻ ያዙ።

የሚነሱበትን ተራ አስተካክሉ

መብራት በመጣ ቁጥር ችግሩ የሚደጋገም ከሆነ ተራው ተዛብቷል። የስም ሰርቨሩና ዳይሬክተሪው ቀድመው ይነሱ፤ ብዙ ቦታ አንድ ማሽን ናቸው። ኢሜይሉ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይከተል። ሁሉም በአንድ ቨርቹዋል ማሽን አስተናጋጅ ላይ ካሉ የመነሻ ተራና የመቆያ ጊዜ መስጠት ትችላላችሁ። አስተናጋጁ ራሱ በዳይሬክተሪው አካውንት ብቻ የሚከፈት እንዳይሆን ግን ተጠንቀቁ። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በር መዝጋት ነው።

ሁሉም ሲመለስ ወረፋውን ራሳችሁ ግፉት። ፖስትፊክስ ደጋግሞ ባልተሳካ መልእክት ላይ እስከ 4000 ሰከንድ፣ ከ1 ሰዓት በላይ ማለት ነው፣ ሊጠብቅ ይችላል። እትዬ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቁም።

ሶፍት ባውንሱንም ዝጉ። እኔ አንድ ጊዜ ረስቼው፣ ለሌሉ ሰዎች የተላከ ቆሻሻ ሁሉ ሳምንቱን በራችን ላይ ሲመላለስ ከረመ።