የእንግሊዝኛን «ኢዲ» መጨረሻ እንዴት እናስተምር?

በግሥ መጨረሻ ላይ ተጨምሮ ያለፈ ጊዜን የሚያሳየው «ኢዲ» (-ed) ሲጻፍ አንድ ነው። ሲነገር ግን ሦስት ድምፅ አለው። ብዙ ተማሪዎቻችን ሁሉንም «እድ» ብለው ይጨርሱታል።

1. ከሰሌዳ በፊት ጆሮ ይቅደም። እኔ በማታ ክፍል ሳስተምር የጀመርኩት በተቃራኒው ነበር። ሕጉን በሰንጠረዥ አሰፈርኩ፣ የwalkedን («ተራመደ») አጠራርም «ዎክት» ብዬ በፊደላችን ጻፍኩላቸው። በማግስቱ አንዷ ተማሪ ደብተሯን እያየች «ዎ... ክ... ት» ብላ ቆራርጣ አነበበችው። ጥፋቱ የኔ ነበር። ሳድስ ፊደል አንዴ አናባቢ ይኖረዋል፣ አንዴ አይኖረውም፤ በማየት ብቻ አይለይም። እዚህ ለእናንተ ብጽፈውም፣ ለተማሪ አጠራር በፊደል አትጻፉ።

2. እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው «ስስስ»፣ ከዚያ «ዝዝዝ» ይበሉ። ሁለተኛው ይነዝራል። እንደ ፕ፣ ክ፣ ፍ፣ ስ፣ ሽ እና ች ካሉ የማይነዝሩ ድምፆች በኋላ «ት» ይባላል። ከሚነዝሩትና ከአናባቢ በኋላ «ድ» ነው። ግሡ ራሱ በት ወይም በድ ድምፅ ካለቀ ብቻ «ኢድ» ይጨመራል፦ «ዎንቲድ»፣ «ኒዲድ»።

3. ፈተናው እዚህ ነው። ተማሪው ሕጉን ያውቃል፤ ምላሱ ግን በሁለቱ ተነባቢዎች መሀል «እ» ይጨምራል። ብዙዎች «አማርኛ እንዲህ ዓይነት ድምፅ ስለሌለው ነው» ይላሉ። አልስማማም። «ክፍት» በሉ እስቲ። ፍና ት ተጣብቀው ነው የሚወጡት። ያችን ተማሪ «ክፍት፣ ክፍት፣ ክፍት» አስባልኳት፤ አራተኛው ላይ «ላፍት» አለች። «ሳቀች» ማለት ነው፣ ጥርት ብሎ ወጣ። «ቲቸር፣ ይሄማ የኛው ነው!» አለችኝ። ለ«ዎክት» የ«መልእክት»ን መጨረሻ፣ ለ«ክሊንድ» (cleaned፣ «አጸዳ») የ«ወንድ»ን መጨረሻ ተጠቀሙ። ቃሉን በጆሮ ያዙት፣ ደጋግሙት፣ ወዲያው ወደ እንግሊዝኛው ተሻገሩ።

4. በስልካቸው ድምፃቸውን ይቅዱና ይስሙት። ነጥብ ከሚሰጡ አፕሊኬሽኖች ይህን እመርጣለሁ፤ ተማሪው የትኛው ድምፅ እንደጠፋበት ራሱ ይሰማዋል።

5. በመጨረሻ ወደ ዓረፍተ ነገር ግቡ። «ትናንት» የሚል ቃል ግን አታስገቡ፤ እሱ ካለ መጨረሻውን ማንም አያዳምጥም። «አይ ዎክ ኢን ዘ ሞርኒንግ» እና «አይ ዎክት ኢን ዘ ሞርኒንግ» እያቀያየራችሁ አንብቡ። በሁለተኛው ት ወደ ቀጣዩ ቃል ዘልላ «ዎክ-ቲን» ትላለች። ያለፈ ጊዜ የሰማ እጁን ያውጣ። ከዚያ እናንተ ተቀመጡ፣ አንባቢው ተማሪ ይሁን።