ላፕቶፕ ከድናችሁ ለምትተኙ

ባለፈው ደብረ ብርሃን ላይ መብራት ሄዶ አደረ። ኡቡንቱ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጫንኩበትን ላፕቶፕ ከድኜው ተኝቻለሁ። ጠዋት ጋቢዬን እንደደረብኩ ስከፍተው ባትሪው ሙት! ሴቭ ያላደረግኩት ጽሑፍም አብሮ ሄደ።

ለካ ክዳኑ ሲዘጋ የሚገባው ሰስፔንድ ውስጥ ነው። ሥራችሁን ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ይዞ ይቆያል፤ ራም ደግሞ ኃይል ከተቋረጠበት ሁሉንም ይረሳል። ሃይበርኔት ግን ያለውን ሁሉ ዲስክ ላይ ወዳለው ስዋፕ ወደሚባል ቦታ ገልብጦ ድርግም ይላል። ባትሪው ቢያልቅም ግድ የለውም።

ኡቡንቱ ላይ ሃይበርኔት ከመነሻው ዝግ ስለሆነ ራሳችሁ ናችሁ የምትከፍቱት። ስዋፑ ከራሙ አይነስ፤ ራሙ 8 ጊጋባይት ከሆነ ስዋፑም ቢያንስ 8 ይሁን። መጀመሪያ ግን በማያሳሳ ፋይል ሞክሩት፤ አንዳንዱ ማሽን አንዴ ከተኛ አልነሳም ይላል።

ለምሳ ሰዓት ሰስፔንድ ይበቃል።