ለልጅዎ የትኛው የኳስ ውድድር ይሻላል? ጎጃም ላሉ ወላጆች

ልጁ ኳስ ይችላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። አንዱ አሰልጣኝ «እኔ የማሠለጥነው የታዳጊዎች ፕሮጀክት አስገቡት» ይላል። የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር «ለኛ ነው የሚጫወተው» ብሎ ይቆጣል። አጎት ደግሞ ባህር ዳር ወስዶ ክለብ ሊያስሞክረው ይፈልጋል። ወላጅ መሃል ቤት ይቸገራል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «የትኛው ቡድን ዋንጫ ይበላል?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ የደጋፊ ጥያቄ ነው። ወላጅ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ልጄ እዚያ ገብቶ ስንት ደቂቃ ይጫወታል? ኳስ ስንት ጊዜ ይነካል? ከማን ጋር ይጋጠማል? የሚከተለው ከ8 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ነው።

1. መጀመሪያ ያለውን ይዘርዝሩ

ባህር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ አንድ ታዳጊ የሚጫወትባቸው ቦታዎች ብዙ አይለያዩም። የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ፤ ከወረዳ ተነስቶ ወደ ዞን፣ ከዚያ ወደ ክልል ይወጣል። ፕሮጀክት አለ፤ አንድ አሰልጣኝ ሠላሳ አርባ ልጅ ሰብስቦ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የሚያሠራበት። የሰፈር ዋንጫ አለ፤ ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ የሚደምቀው። የክለብ ታዳጊ ቡድንም አለ፤ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እና ከ20 ዓመት በታች ስለሆነ የ11 ዓመት ልጅ ያለው ወላጅ ለጊዜው ይተወው። የባህር ዳር ከተማ ክለብ በ2011 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ ሲጫወት ያየ ልጅ የክለቡን፣ የጣና ሞገዶቹን፣ ማሊያ ቢመኝ አይፈረድበትም። ጊዜው ሲደርስ ይሞክራል።

ለእያንዳንዱ አማራጭ አንድ ገጽ ይስጡ። በሳምንት ስንት ቀን ልምምድ፣ በዓመት ስንት ጨዋታ፣ የዕድሜ ክልሉ፣ የትራንስፖርት ወጪው። ከዚህ በላይ አይጻፉ፤ የቀረው ሜዳ ላይ ይታያል።

2. የውድድሩን ቅርጽ ያጣሩ

16 ቡድን በጥሎ ማለፍ የሚጫወትበት ዋንጫ አለ እንበል። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ 8 ቡድን ወደ ቤቱ ሄዷል። እነዚያ ልጆች ወር ሙሉ ተዘጋጅተው አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫወቱ ማለት ነው። እነዚሁ 16 ቡድኖች በአራት ምድብ ቢከፈሉ እያንዳንዱ ቢያንስ 3 ጨዋታ ያገኛል። 8 ቡድን ብቻ ሆነው በደርሶ መልስ ሊግ ቢገናኙ ደግሞ ለእያንዳንዱ 14 ጨዋታ ይደርሰዋል።

ቁጥሩ ብቻም አይደለም። በጥሎ ማለፍ አሰልጣኝ ይፈራል። ተሸንፎ ከመውጣት ግዙፎቹን አሰልፎ ቀጫጮቹን ወንበር ላይ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። በሊግ ዛሬ ቢሸነፍ የሚቀጥለው ሳምንት አለ፤ ስለዚህ ሌላውንም ልጅ ይሞክራል። ኖርዌይ ከ11 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የደረጃ ሰንጠረዥ አታወጣም። ጀርመንም በፈረንጆቹ ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ ለትንንሾቹ ሰንጠረዡን ትታ ጥቂት ልጆች በትንሽ ሜዳ የሚጫወቱበትን አሠራር ግዴታ አድርጋለች። አራት ጊዜ የዓለም ዋንጫ የበላች ሀገር ናት፤ ማሸነፍ ጠልታ አይደለም።

3. ሜዳ ሄደው ይቁጠሩ

ይህን ደረጃ አይዝለሉት። ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ይሂዱ። ልጅዎ ገና ካልገባ በዕድሜውና በቁመቱ የሚመስለውን አንድ ልጅ ይምረጡ። ኳስ በነካ ቁጥር አንድ መስመር ያስምሩ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

ብዙ ጊዜ የሚያዩት እንዲህ ያለ ነው። ኳሱ ወደ በረኛው ይመለሳል። በረኛው ወደ ሰማይ ይልከዋል። መሃል ላይ ሁለት ትልልቅ ልጆች በጭንቅላት ይሻማሉ። ኳሱ ይወጣል፤ የእጅ ውርወራ። ቀጫጫው የክንፍ ተጫዋች ካልሲውን እየሳበ ቆሞ ያያል። ሃያ ደቂቃ አልቆ ደብተርዎ ላይ አራት መስመር ካለ፣ ያ ልጅ ኳስ አልተጫወተም፤ ሲሮጥ ነው የዋለው። ሌላ ሜዳ ይሄዳሉ። ሜዳው አቧራ ነው፣ መረብ የለም፣ ማሊያው ሁለት ዓይነት ነው። ግን ኳሱ መሬት ላይ ነው፤ ልጁ አብዶ ሠርቶ ለማለፍ ይሞክራል፣ ይነጠቃል፣ መልሶ ይነጥቃል። ሃያ መስመር ሞላ። እኔ ብሆን ልጄን ያለ ጥርጥር ሁለተኛው ጋር እሰዳለሁ።

ደቂቃም ይቁጠሩ። 10 ጨዋታ ባለው ታዋቂ ቡድን ውስጥ በየጨዋታው 12 ደቂቃ የሚገባ ልጅ በዓመት 120 ደቂቃ ይጫወታል። 8 ጨዋታ ብቻ ባለው የትምህርት ቤት ቡድን 50 ደቂቃውን ሙሉ የሚጫወት ልጅ 400 ደቂቃ አለው። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ2007 እስከ 2020 የነበረው የፌዴሬሽኑ የታዳጊዎች አካዳሚ ሊግ እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ በሩብ ያህሉ ጨዋታ ቋሚ ሆኖ እንዲጀምር ያስገድድ ነበር። እኛ ጋር የሚያስገድድ ከሌለ ወላጅ ይጠይቅ።

እየቆጠሩ ጆሮዎንም ይክፈቱ። አሰልጣኙ «ምታው! አውጣው!» ብቻ ነው የሚለው? ወይስ «ቀና በል፣ ማን ነፃ ነው?» ይላል? ልጅ ሲሳሳት ወዲያው ያስወጣዋል? የመጀመሪያው ዓይነት አሰልጣኝ በስድብ ሲታጀብ ዋንጫ ቢደረደርም ይለፉት።

4. ዕድሜ፣ የሁሉም ራስ ምታት

በኛ ሀገር ብዙ ታዳጊ ሁለት ዕድሜ አለው፤ የቤትና የሜዳ። «ከ13 ዓመት በታች» በተባለ ጨዋታ ላይ ጢም ያወጣ ተከላካይ ማየት ብርቅ አይደለም። ለልጅዎ የሚያመጣው ችግር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይጎዳል። ሁለተኛ፣ ብልሃቱ ሁሉ በጉልበት ስለሚሸነፍ «አልችልም» ብሎ ይተወዋል።

ስለዚህ አዘጋጁን «ዕድሜ በምን ታጣራላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የልደት ምዝገባ በሀገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ የብዙ ልጆች ወረቀት ዘግይቶ የወጣ ነው። የትምህርት ቤት መዝገብና የክርስትና ቀን አብረው ቢታዩ ይሻላል። «የሁሉም ወላጅ ይተዋወቃል» የሚባልበት ትንሽ ውድድር አንዳንዴ ማኅተም ካለው ወረቀት ይበልጥ ይታመናል።

የራስዎን ልጅ ዕድሜ እንዲቀንሱ የሚመክርዎ ሰው ካለ እሺ አይበሉ። ፊፋ በፈረንጆቹ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስመረምራል፤ የአጥንቱ ዕድገት ዕድሜን ያሳብቃል። የተቀነሰ ዕድሜ ልጁ ከፍ ባለ ጊዜ ነው ጉድ የሚያወጣው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ወላጅ አያስተውለውም፤ የመቁረጫው ቀን። በዓለም አቀፍ ውድድር ዕድሜ የሚቆረጠው በፈረንጆች ጃንዋሪ 1፣ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ላይ ነው። በዚህ አቆጣጠር በጥር የተወለደ ልጅ ከምድቡ ትልቁ ነው፤ በኅዳር የተወለደው ትንሹ። ልዩነቱ ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ በ10 ዓመት ዕድሜ ይህ ብዙ ነው። መራጮች በየሀገሩ ትልልቆቹን «ተሰጥኦ አለው» ብለው ይወስዳሉ። የእርስዎ ልጅ የኅዳር ከሆነና ዛሬ ካልተመረጠ አትደናገጡ። በኋላ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አጥቂ ከሆኑት ሁለቱን እንይ፤ አርሰናል ሃሪ ኬንን ያሰናበተው በ8 ዓመቱ ነው፤ ጄሚ ቫርዲም ከሼፊልድ ዌንስዴይ የተባረረው በ16 ዓመቱ ነው።

5. የሜዳውና የኳሱ ልክ

አጭር ነው። የ9 ዓመት ልጆችን 11 ለ11 በትልቅ ስታዲየም የሚያጫውት ውድድር ለፎቶ ያምራል እንጂ ለልጅ አይበጅም። እንግሊዝ በፈረንጆቹ እስከ 2025/26 የውድድር ዘመን ከ9 እና ከ10 ዓመት በታች ያሉትን 7 ለ7፣ ከ11 እና ከ12 ዓመት በታች ያሉትን 9 ለ9 ታጫውት ነበር፤ 11 ለ11 ከዚያ በኋላ ነበር። ከ8 እስከ 12 ዓመት 4 ቁጥር ኳስ፣ ከ5 ቁጥር አነስ ያለው፣ ይመከራል። እኛ ጋር ሁሉም በ5 ቁጥር ነው የሚመታው፤ አሰልጣኙን 4 ቁጥር እንዲገዛ ይጎትጉቱት፣ ወይም ወላጆች አዋጡ። የአሜሪካ ፌዴሬሽን ደግሞ ለ10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች በጭንቅላት መምታትን ከልክሏል።

6. የሚያደክመውን ይደምሩ

ከደብረ ማርቆስ ባህር ዳር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለአንድ ጨዋታ ሁለት ቀን በሚኒባስ የሚያስኬድ ውድድር ለ12 ዓመት ልጅ ትርፉ ድካም ነው። መንገድ በሚዘጋበትና ስጋት ባለበት ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፤ እዚያው ከተማው ውስጥ ያለውን ሊግ ያጠናክሩ።

ጾሙንም ያስቡ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሳይቀምስ የዋለ ልጅ ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ 60 ደቂቃ ቢሮጥ ይወድቃል። የእሑድ ጠዋት ጨዋታም ከቅዳሴ ጋር ይጋጫል። ጥሩ አዘጋጅ ይህን አስቀድሞ ያውቃል፤ ጨዋታውን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያደርገዋል። የ8ኛ ክፍል ፈተና ያለበት ወር ላይ የሚጠራ ልምምድም ጥያቄ ይነሳበት።

ስንት ሰዓት ይበዛል ለሚሉ፣ የስፖርት ሐኪሞች የሚሰጡት ቀላል መለኪያ አለ፤ በሳምንት የተደራጀ ልምምድና ጨዋታ ሰዓቱ ከልጁ ዕድሜ አይብለጥ። የ11 ዓመት ልጅ ከ11 ሰዓት በላይ አይሥራ። ትምህርት ቤት፣ ፕሮጀክትና የሰፈር ዋንጫ አንድ ላይ ሲደመሩ ይህን ማለፍ ቀላል ነው። ልጁ ከጉልበቱ በታች ያለውን አጥንት እየያዘ «ያመኛል» ካለ ሐኪም ይየው፤ በሚያድጉ ልጆች ላይ በድካም የሚመጣ የታወቀ ሕመም አለ።

ሴት ልጅ ያለዎት ከሆነ አማራጩ ያንሳል። የሴቶች ቡድን እስኪገኝ ከወንዶች ጋር ትጫወት። እስከ 12 ዓመት ገደማ የጉልበት ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። አሰልጣኙ «ሴት አልይዝም» ካለ ስለ እሱ በቂ መረጃ አግኝተዋል።

7. ወረቀትና ደላላ

ልጁ በተጫወተበት ቡድን ስሙ መመዝገቡን ያረጋግጡ። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ወደፊት በገንዘብ ከክለብ ወደ ክለብ ሲዛወር፣ ከዝውውሩ 5 በመቶው ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ያላስመዘገበ ቡድን ይህን ያጣል።

«ውጭ እወስደዋለሁ፣ ብቻ ለፕሮሰስ ብር ያስፈልጋል» የሚል ሰው ከመጣ ቡና አጠጥተው ይሸኙት። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከሀገር ሀገር እንዳይዛወር ከልክሏል፤ የተፈቀዱት ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፤ ደላላ ከነሱ ውስጥ የለበትም። ዋናውን የልደት ወረቀትም ለማንም አይስጡ፤ ኮፒ ይበቃል።

8. መወሰን

ገጾቹን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ደቂቃና ንክኪ ያስቀድሙ፣ ቀጥሎ የዕድሜው እውነት፣ ቀጥሎ የአሰልጣኙ ጠባይ፣ ቀጥሎ መንገዱ። የቡድኑ ስም መጨረሻ ላይ ይምጣ። ሁለት አማራጭ እኩል ከሆኑ ልጁን ይጠይቁት፤ ጓደኞቹ ያሉበትን ይመርጣል፣ ትክክል ነው።

ውሳኔው ለአንድ ዙር ብቻ ይሁን። ዙሩ ሲያልቅ ልጁ ከግማሽ በታች ደቂቃ ተጫውቶ ከሆነ አሰልጣኙን በጨዋታ ቀን ሳይሆን በልምምድ ቀን፣ ለብቻው ያነጋግሩት። «ኮች፣ ምን ቢያሻሽል ይገባል?» ይበሉት። መልስ ካለው ይቆዩ። ከሌለው ልጁን ያዛውሩ፤ ግን ማሊያውን አጥበው መልሰው፣ አመስግነው ይውጡ። ከተማው ትንሽ ነው፤ የዛሬ ዓመት የዞኑን ምርጥ ቡድን የሚመርጠው ያው ሰው ሊሆን ይችላል።