ሲጊሪያንና ዳምቡላን ከአስጎብኚ ጋር በአንድ ቀን እንዴት መጎብኘት ይቻላል

ስሪላንካ መሃል ላይ፣ ሜዳማ ጫካ ውስጥ፣ ብቻውን የቆመ ግዙፍ ቋጥኝ አለ። ከዙሪያው መሬት 180 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በ5ኛው ክፍለ ዘመን አባቱን ንጉሥ ዳቱሴናን አስገድሎ ዙፋን የያዘው ካሽያፓ፣ ወደ ህንድ የሸሸው ወንድሙ ሞጋላና ተመልሶ ይወጋኛል ብሎ ስለፈራ፣ ቤተ መንግሥቱን እዚህ አናት ላይ ሠራ። ይህ ሲጊሪያ ነው። ከዚያ 20 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ደግሞ የዳምቡላ አምስት የዋሻ ቤተ መቅደሶች አሉ፤ ምዕመናን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲሳለሙባቸው ኖረዋል። ሲጊሪያ በ1982፣ ዳምቡላ በ1991 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። ቀኑ የሚሰምረውም ሆነ የሚበላሸው ግን በአብዛኛው በመነሻ ሰዓት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ከስሪላንካ ሹፌር ጋር ሲቀጣጠሩ ግን በፈረንጅ ሰዓት ይነጋገሩና በጽሑፍ ያረጋግጡ። የስድስት ሰዓት ስህተት ቀኑን ሙሉ ይበላል። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጓዝዎ በፊት

የመግቢያ ፈቃዱን (ኢቲኤ) አስቀድመው በኢንተርኔት ያውጡ። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አይተዉት። ከዱባይ፣ ከዶሃ ወይም ከሪያድ የሚሄዱ ወገኖቻችን ቀጥታ ወደ ኮሎምቦ የሚበር አውሮፕላን ያገኛሉ።

ማደሪያዎን በተመለከተ ምክራችን ግልጽ ነው፤ ከኮሎምቦ ደርሶ መልስ አይሞክሩ። እስከ ሲጊሪያ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም መንገዱ በከተሞች መሃል ስለሚያልፍ መሄጃው ብቻ አራት ሰዓት ይፈጃል። ስምንት ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀምጦ አለት መውጣት ጉብኝት አይባልም። ካንዲ ከተማ ያደረ ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል በቂው ነው። ዳምቡላ ወይም ሲጊሪያ መንደር ውስጥ ማደር የሚችል ደግሞ ከሁሉም ይሻለዋል።

አካባቢው ደረቅ ነው፤ ዋናው ዝናብ የሚመጣው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። በዝናብ ወቅት የሲጊሪያ የብረት ደረጃ ያንሸራትታል። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበት ቀን ሁሉ በስሪላንካ የበዓል ቀን ነው፤ ፖያ ይባላል። በፖያ ዳምቡላ ነጭ በለበሱ ምዕመናን ይሞላል። እሱን ማየት ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ዋሻዎቹን በጸጥታ መመርመር የሚፈልግ ግን ሌላ ቀን ይምረጥ።

አስጎብኚ አመራረጥ

ስሪላንካ ውስጥ ሹፌርና አስጎብኚ አንድ አይደሉም። ተራ ሹፌር ያደርስዎታል፣ በር ላይ ይጠብቅዎታል፤ ስለ ሥዕሎቹ የሚነግርዎት የለም። ሹፌር አስጎብኚ የሚባለው ግን ሥልጠና ወስዶ ከአገሪቱ የቱሪዝም ልማት ባለሥልጣን የፈቃድ ካርድ የተሰጠው ነው። ካርዱን ለማየት ይጠይቁ፤ ፎቶውንና የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ። ማሳየት የማያስከፋው ሰው ነው የሚፈለገው።

ስምምነቱ ላይ እነዚህን ያስጽፉ። ዋጋው ለመኪናው ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? የመግቢያ ትኬት ይጨምራል? (ብዙ ጊዜ አይጨምርም፤ የሲጊሪያ ትኬት ለውጭ አገር ሰው ብቻውን ከ30 እስከ 35 ዶላር ስለሚደርስ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።) አስጎብኚው አናት ድረስ አብሮ ይወጣል ወይስ ታች ይቀራል? በመጨረሻም፣ መንገድ ላይ የት የት ይቆማል? ከካንዲ ወደ ዳምቡላ ሲኬድ ማታሌ አጠገብ የቅመም አትክልት ቦታዎች ተደርድረዋል፤ የከበሩ ድንጋይና የእንጨት ቅርጽ ሱቆችም አሉ። ለሹፌሩ ኮሚሽን ስለሚከፍሉ «አሥር ደቂቃ ብቻ» የተባለው ማረፊያ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ቅመም መግዛት ከፈለጉ በመልስ ጉዞ ይሁን። ጠዋት ላይ ያቺ አንድ ሰዓት ከፀሐይ የምትሰረቅ ናት።

የሚያዙ ነገሮች

ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ፣ ባርኔጣ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ ጉልበት የሚሸፍን ልብስ፣ ለትከሻ ነጠላ ወይም ሻርፕ፣ በሩፒ የተዘረዘረ ጥሬ ገንዘብ፣ አንድ ጥንድ ወፍራም ካልሲ። ካልሲው ለምን እንደሆነ ዳምቡላ ስንደርስ ይገባዎታል። ሽቶ አይቀቡ። ምግብ በሚታይ ፌስታል አይያዙ፤ በሁለቱም ቦታ ያሉት ጦጣዎች ከእጅ ይነጥቃሉ።

ሲጊሪያን መውጣት

ከካንዲ ከሌሊቱ 10:30 ከተነሱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ይደርሳሉ። ይህ ሰዓት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አለቱ ላይ ጥላ የለም ማለት ይቻላል፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ድንጋዩና ብረቱ ይግላሉ፤ የአስጎብኚ ድርጅቶች አውቶቡሶችም በዚያው ሰዓት ይደርሳሉ። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ሰው ሲበዛ ፀሐይ ላይ ቆሞ ወረፋ መጠበቅ ይመጣል።

ትኬት ከቆረጡ በኋላ ሙዚየሙን ለመመለሻ ያስቀሩት፤ በዚያው ትኬት ይታያል። ቦዩን ተሻግረው የሚገቡበት የውሃ አትክልት ስፍራ በትክክለኛ ሚዛን የተነደፈ ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው። እዚህ አስጎብኚዎ ቀዳዳ ያላቸውን የድንጋይ ክዳኖች እንዲያሳይዎት ያድርጉ። ፏፏቴዎች ናቸው። ውሃው ከፍ ካለ ቦታ በመሬት ውስጥ ቦይ ወርዶ በራሱ ግፊት ይረጫል፤ በዝናብ ወቅት ዛሬም ይሠራሉ።

ከዚያ ደረጃው ይጀምራል፤ እስከ አናት 1,200 ገደማ ነው። በትላልቅ ቋጥኞች መሃል የሚያልፈው የመጀመሪያው ክፍል ጥላ ስላለው ሰው ይታለልና ይሮጣል፤ ከዚያ ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። በዝግታ ይጀምሩ። ክንድዎን ይዘው «ልርዳዎት» የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ፤ ላይ ሲደርሱ ክፍያ ይጠይቃሉ። ድጋፍ ካላስፈለገዎት ገና ከታች በትህትና እምቢ ይበሉ።

አጋማሽ ላይ ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ ወደ ሥዕሎቹ ያወጣል። በአለቱ ጎን ባለ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከወገብ በላይ ብቻ የሚታዩ፣ አበባ የያዙ ሴቶች ተሥለዋል። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ጠባቂዎቹም አይለማመጡም። በ1967 ሥዕሎቹ ላይ ቀለም ተደፍቶ ጉዳት ስለደረሰ ጥበቃው የጠበቀው በምክንያት ነው። ስለዚህ ስልክዎን ኪስ ከትተው የአንዷን እጅ ብቻ በደንብ ይመልከቱ፦ ሠዓሊው መጀመሪያ የሠራውን መስመር ያረመበት ቦታ በአንዳንዶቹ ላይ እስካሁን ይታያል።

ቀጥሎ የመስተዋት ግድግዳው ነው። በጡብ ተሠርቶ በልስን ስለተወለወለ ድሮ መልክ ያሳይ ነበር ይባላል። ንጉሡ ከሞተ በኋላ የመጡ ጎብኚዎች ስለ ሥዕሎቹ ሴቶች ግጥም ቧጭረውበታል፤ የአርኪዮሎጂና የጥንት ጽሑፎች ሊቅ የነበሩት ፓራናቪታና 685ቱን አንብበው አሳትመዋል። ዛሬ ግድግዳውን መንካት አይፈቀድም፤ ስም መጻፍ ደግሞ ያሳስራል።

ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ የአንበሳው መድረክ ላይ ይደርሳሉ። ድሮ መወጣጫው በግዙፍ አንበሳ አፍ ውስጥ ያልፍ ነበር፤ አሁን የቀሩት ሁለቱ መዳፎች ናቸው። ጥፍሮቹ አጠገብ የቆመ ሰው ምን ያህል ትንሽ እንደሚመስል ሲያዩ የሙሉውን መጠን መገመት ይችላሉ። ከፍታ የሚያስፈራው፣ ጉልበቱን የሚያመው ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ጉዞውን ማቆም ያለበት እዚህ ነው። ከዚህ በላይ ያለው መንገድ አለቱ ጎን ላይ የተሰካ የብረት ደረጃ ነው፤ መሃል ላይ ሐሳብ ቀይሮ መመለስ ከኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያስቆማል።

ከዚሁ መድረክ በላይ፣ አለቱ ሥር፣ ትልልቅ የዱር ንቦች ቀፎ ይሠራሉ። ጩኸትና ጠንካራ ሽታ ያስቆጣቸዋል፤ አንዳንዴ ሰው ስለሚነድፉ መንገዱ ይዘጋል። «ጸጥታ» የሚሉትን ሰሌዳዎች በቁም ነገር ይያዙ። ንቦቹ ከተነሱ እጅ አያወራጩ፤ ፊትዎን በነጠላ ሸፍነው በመድረኩ ላይ ወደተሠራው በወንፊት ሽቦ የታጠረ መጠለያ ይግቡ። ለንብ መርዝ አለርጂ ያለው ሰው መድኃኒቱን ሳይዝ መውጣት የለበትም።

የመጨረሻው አቀበት 15 ደቂቃ ያህል ነው። አናቱ ላይ የቀረው የቤተ መንግሥቱ መሠረት፣ እርከኖችና ከአለቱ የተፈለፈለ ትልቅ የውሃ ገንዳ ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ካሽያፓ እዚህ የኖረው 18 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። በ495 ሞጋላና ሠራዊት ይዞ መጣ፣ ካሽያፓ በውጊያው ሞተ፣ ዋና ከተማውም ወደ ቀድሞው ቦታ ወደ አኑራዳፑራ ተመለሰ። አለቱ ለመነኮሳት ተተወ።

ሲወርዱ መንገዱ ይለያል፤ መውጫው መኪናው ካቆመበት በተለየ ቦታ ነው። መግቢያው ላይ ከሹፌሩ ጋር መገናኛውን ካልተነጋገሩ በሱቆች መሃል ሲፈላለጉ ይቆያሉ።

ምሳና ዕረፍት

ከአለቱ የወረዱት 4 ሰዓት ላይ ከሆነ ሙዚየሙን አይተው፣ ምሳ በልተው፣ ለማረፍ ጊዜ አለዎት። ብርቱካንማ ቀለም ያለው የኮኮናት ውሃ ላብ የወሰደውን ለመተካት ከለስላሳ መጠጥ ይሻላል። ምሳው ሩዝ ከብዙ ዓይነት ወጥ ጋር ነው። የአትክልት ወጦቹ በኮኮናት ወተት ስለሚሠሩ ለጾመኛ ይመቻሉ። የተፈጨ ኮኮናት በቃሪያ የሚሠራው ሳምቦል ግን ብዙ ጊዜ የደረቀ ዓሣ ይገባበታል፤ ዓሣ የማይበላ ጾመኛ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ዳምቡላ

ከቀኑ 8:30 ላይ ይድረሱ። መጀመሪያ ትኬት ይቁረጡ። በትልቁ ወርቃማ ቡድሃ በኩል ያለ ትኬት ቀጥታ የሚወጡ ብዙዎች ናቸው፤ ላይ ሲደርሱ ያስመልሷቸዋል። ትኬት ቢሮው የት እንደሆነ ማወቅ የአስጎብኚው ሥራ ነው። መውጣቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው።

በሩ ላይ ጫማና ባርኔጣ ይወልቃሉ። ጫማ ማውለቁ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ግቢው ነው። ከዋሻዎቹ ፊት ያለው ድንጋይ ከሰዓት በኋላ እግር ያቃጥላል። ካልሲ ይፈቀዳል፤ አሁን ያጥልቁት። ለጫማ ጠባቂው ጥቂት ሩፒ ይሰጣል።

ከመግባትዎ በፊት ቀና ብለው ከዋሻው አፍ በላይ ያለውን አለት ይመልከቱ። ጠርዙ ላይ እንደ አሸንዳ የተፈለፈለ መስመር አለ። ዝናብ በአለቱ ሆድ ላይ ተንሸራቶ ወደ ውስጥ እንዳይገባ እዚያ ላይ ተቆርጦ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። ሥዕሎቹ እስከ ዛሬ የቆዩት በዚህ ጭምር ነው። ላሊበላን ያየ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያስተውላል፦ እዚህ ዋሻው የተፈጥሮ ነው፤ ሰው ያደረገው በግንብ እየከፈለ ክፍል ማድረግ ነው። ነጩ በረንዳ ደግሞ በ1938 የተጨመረ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። ንጉሥ ቫላጋምባ ከደቡብ ህንድ በመጡ ወራሪዎች ከዙፋኑ ተባሮ ለ14 ዓመት ሲሸሽ እዚህ ተሸሸገ ይባላል፤ መንግሥቱን ሲያስመልስ ዋሻዎቹን ቤተ መቅደስ አደረጋቸው።

ብዙ አስጎብኚዎች ከአንደኛው ዋሻ ይጀምራሉ። እኛ ከአምስተኛው ጀምረው ወደ ኋላ እንዲመጡ እንመክራለን። አምስተኛው አዲሱና ትንሹ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ስለሆነ እሱን አይቶ ወደ ሌሎቹ የሚገባ ሰው ዓይኑ ይሰንፋል። በሁለተኛው ዋሻ ውስጥ ከጣሪያው የሚንጠባጠብ ውሃ የሚጠራቀምበት ዕቃ አለ፤ ለአምልኮ ስለሚውል አይነካም። ጣሪያው በሙሉ ተሥሏል፤ ሥዕሉ የአለቱን ጎርበጥባጣ እየተከተለ ስለሚሄድ የተወጠረ ጨርቅ ይመስላል። አብዛኛው ሥዕል የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በአንደኛው ዋሻ ከአለቱ ከራሱ የተጠረበ 14 ሜትር ገደማ የሚሆን የተጋደመ ቡድሃ አለ። ጣቶቹን ይመልከቱ፦ የሁለቱ እግሮች ጣቶች እኩል ካልሆኑ የሚያሳየው እንቅልፍን ሳይሆን ሞቱን ነው።

ፍላሽ አይጠቀሙ። ለሐውልት ጀርባ ሰጥቶ ፎቶ መነሳት ትልቅ ንቀት ነው። የቡድሃ ንቅሳት ያለበት ሰው ይሸፍነው፤ በዚህ ምክንያት ከአገር የተባረሩ ጎብኚዎች አሉ።

መልስ

ከዳምቡላ 10 ሰዓት ላይ ከተነሱ ሳይመሽ ካንዲ አካባቢ ይደርሳሉ። ማደሪያዎ በሲጊሪያና ሀባራና በኩል ከሆነ ከጨለማ በፊት መግባት የግድ ነው፤ ሲመሽ የዱር ዝሆኖች አስፋልት ላይ ይወጣሉ። የአስጎብኚውን ቀሪ ክፍያ ማደሪያዎ ከደረሱ በኋላ ይክፈሉ። ጉርሻ ግዴታ ባይሆንም የተለመደ ነው፤ አናት ድረስ አብሮዎት ለወጣና ለጠየቁት ሁሉ ለመለሰ ሰው አይሰስቱ።