አዳማ ላይ መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊን የት ይቀመጥ?

በመጋቢትና በሚያዝያ የአዳማ ሙቀት ቤት ውስጥም አይምርም፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ማቀዝቀዣው ተራ ቁም ሳጥን ነው። እኔ ቀለም ያልተቀቡ ሁለት የሸክላ ማሰሮዎች አሉኝ። ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስገብቼ በመካከላቸው አሸዋ ሞልቻለሁ፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣዋለሁ። ብልቃጡ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ሆኖ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ ይገባል፤ ከላይ እርጥብ ጨርቅ። ቦታው ጥላና ነፋስ ያለበት ይሁን፤ አልጋ ሥር ከተደበቀ አይቀዘቅዝም። ከሥሩም ሳህን አድርጉ፣ ወለሉን ያረጥባል (ባለቤቴን ጠይቁ)።

በአገልግሎት ላይ ያለ አብዛኛው ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በታች 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ያልተከፈተው ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ስለሚፈልግ ማሰሮው አይበቃውም። በረዶ ላይ አታስቀምጡት፤ አንዴ ከረጋ ቢቀልጥም ይጣላል።