«ዌሪ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት እንጠቀምበታለን?

አንድ ጊዜ ስለ አንድ ደንበኛ ለአለቃዬ ኢሜይል ጻፍኩ። «ሰውዬው አልታመነኝም፣ እንጠንቀቅ» ማለቴ ነበር። የጻፍኩት ግን «ሰውዬው ታክቶኛል» ሆኖ ተገኘ። አለቃዬ ደንግጦ «ምነው፣ ምን አደረገሽ?» አለኝ። ጉዱ ያለው አንዲት ፊደል ላይ ነው።

መጀመሪያ ፊደሉን ለዩ። የጥንቃቄው ዌሪ ደብልዩ፣ ኤ፣ አር፣ ዋይ ተብሎ ይጻፋል። ከደብልዩ ቀጥሎ ኢ ከገባችበት ዊሪ ይሆናል፤ ትርጉሙም የደከመው፣ የታከተው ነው። ወሪ ደግሞ መጨነቅ። ከተምታታባችሁ አዌርን አስታውሱ፣ ልብ ያለ፣ የነቃ ማለት ነው፤ የዌሪ የሥጋ ዘመድ ነው። ግቢ በር ላይ «ከውሻ ይጠንቀቁ» ለማለት የሚለጠፈው ቢዌርም ከዚያው ቤት ነው።

ቀጥሎ ስሜቱን ያዙ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። «ጠንቃቃ» ብሎ መሸምደድ አይበቃም። ትኩስ ሻይ ለያዘ ልጅ «ቢ ኬርፉል» ይባላል፤ ሻዩን ግን የሚጠረጥረው የለም። ዌሪ ውስጥ ጥርጣሬ አለ። የማታውቁት ሰው ደውሎ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ዕጣ ወጥቶልዎታል! አሁን የሚገባልዎትን ኮድ ይንገሩኝ» ሲል ውስጣችሁን ሸከክ የሚያደርገው ነገር፣ እሱ ነው ዌሪ። እባብ ያየ በልጥ በረየ የምንለውም ሰው ዌሪ ነው። ኮሸስ የሚባለው ሌላው የእንግሊዝኛ የጥንቃቄ ቃል ግን አደጋውን መዝኖ፣ ረጋ ብሎ ለሚራመድ ይሆናል። የሚጠረጥረው ሰው ባይኖርም ሰው ኮሸስ ይሆናል።

ከዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡት። የምትጠራጠሩትን ነገር የሚያያይዘው ኦፍ ነው፦ «አይ አም ዌሪ ኦፍ ዶግስ»፣ ውሻ አላምንም። ድርጊት ከሆነ ግሡ ላይ ኢንግ ይጨመራል፦ «ሺ ኢዝ ዌሪ ኦፍ ሌንዲንግ መኒ»፣ ብር ማበደር ትፈራለች። እኛ «ከውሻ» ስለምንል «ዌሪ ፍሮም» ማለት ይቀናናል። አይባልም።

ስላለፈ ነገር ስታወሩ «አይ ዋዝ ዌሪ» በሉ። በቢዌር ግን አትሞክሩት፤ በዛሬ እንግሊዝኛ ኃላፊ ጊዜ የለውም።

ያንን ኢሜይል ዛሬ ብጽፈው «ዊ ሹድ ቢ ዌሪ ኦፍ ሂም» እል ነበር። ሰውዬው ግን ሲቆይ የምር ታከተኝ።