የድርጅታችሁን ዌብሳይት ዲዛይን ቀይራችሁ የሆነ ነገር ተበላሸ? ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ዲዛይን መቀየር አሁን ቀላል ይመስላል፣ ዎርድፕረስ (ዌብሳይት መስሪያ ፕሮግራም) ላይ አዲስ ቴም (የሳይቱን መልክ የሚወስን ፓኬጅ) መርጦ አክቲቬት የሚለውን መጫን ነው፣ ኮድ ማወቅ አያስፈልግም ይባላል። ችግሩ የቢዝነስ ሳይት ላይ መልኩና ስራው የተጠላለፉ ናቸው፣ መልኩን ብቻ የቀየራችሁ ሲመስላችሁ ሜኑውን፣ ፎርሙን፣ ሊንኩን፣ ጎግል የሚያነበውን ነገር ሁሉ አብራችሁ ነክታችኋል። በአይን የሚታየው ብልሽት ያን ያህል አያሳስበኝም፣ ሰው ወዲያው ስለሚያየው በቶሎ ይስተካከላል። የሚያስፈራኝ ሳይቱ አምሮበት፣ ያየው ሁሉ ወዶት፣ ደንበኛ የሚልከው መልእክት ግን የትም ሳይደርስ ወራት ሲያልፉ ነው። ስለዚ የናንተ ችግር ሌላም ቢሆን የፎርሙንና የጎግሉን ክፍል እንዳትዘሉ። ምሳሌዎቼ በብዛት ዎርድፕረስ ላይ ናቸው፣ ሌላ የምትጠቀሙም ሃሳቡ ያው ነው።

ከሁሉም በፊት ግን፣ ለመጠገን እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት፣ የተበላሸውንም ቢሆን እንዳለ ባካፕ አድርጉት። ባካፕ ማለት ፋይሎቹም ዳታቤዙም ነው፣ ፅሁፎቻችሁና የደንበኛ ትእዛዞች ያሉት ዳታቤዙ ውስጥ ስለሆነ ፋይል ብቻ መያዝ ዋጋ የለውም። ኮምፒውተራችሁ ላይም አውርዱት፣ እዛው ሆስቲንጉ (ሳይታችሁ የተቀመጠበት ሰርቨር) ላይ ብቻ አይቀመጥ። ኦንላይን የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ የድሮ ባካፕ ስትመልሱ ከዛ ወዲህ የገቡ ትእዛዞች አብረው እንደሚጠፉ እወቁ፣ መጀመሪያ እነሱን ኤክስፖርት አድርጉ።

ሳይቱ ነጭ ሆነ ወይም "ክሪቲካል ኤረር" ይላል

ያስደነግጣል ግን ብዙ ጊዜ ምንም አልጠፋም። አዲሱ ቴም ከሆነ ፕለጊን (ሳይቱ ላይ ስራ የሚጨምር ተቀጥላ) ጋር ወይም ሰርቨሩ ላይ ካለው የፒኤችፒ (ዎርድፕረስ የተፃፈበት ቋንቋ) ቨርዥን ጋር አልተስማማም፣ ወይ ደግሞ የሆነ ቦታ ያገኛችሁትን ኮድ የቴሙ ፋንክሽንስ ፋይል ውስጥ ስትለጥፉ አንዲት ቅንፍ ቀርታለች፣ አንዲት ቅንፍ ሙሉ ሳይት ታወርዳለች።

መጀመሪያ የአድሚን ኢሜይላችሁን እዩ፣ ዎርድፕረስ ከ5.2 ቨርዥን ማለትም ከ2019 ጀምሮ እንዲህ ሲፈጠር የሪከቨሪ ሞድ ሊንክ ይልካል፣ በሱ ገብታችሁ ያስቸገረውን ታጠፉታላችሁ። ካልመጣላችሁ ወደ ሆስቲንጉ ፋይል ማናጀር ግቡና የፕለጊንስ ፎልደሩን ስም ቀይሩት፣ ሁሉም ፕለጊን ባንዴ ይቆማል። ሳይቱ ከተነሳ ጥፋተኛው እዛ ውስጥ ነው፣ ዳሽቦርድ (የአድሚን ገፅ) ላይ የፕለጊን ገፁን አንዴ ከፍታችሁ ሁሉም መጥፋታቸውን ካያችሁ በኋላ ስሙን ወደነበረበት መልሱና አንድ በአንድ እያበራችሁ ፈልጉት። ካልተነሳ የአዲሱን ቴም ፎልደር ስም በዛው መንገድ ቀይሩ፣ ከዛ ዳሽቦርድ ላይ የቴም ገፁን ስትከፍቱ ዎርድፕረስ ራሱ ወደ ዲፎልት ቴሙ (አብሮት ወደሚመጣው) ይመለሳል፣ ዲፎልቱን ሰርዛችሁት ካልሆነ በቀር።

ሜኑው የለም፣ ከስር የነበረው አድራሻና ስልክ የለም

አልተሰረዙም። ቴም ሲቀየር ሜኑ የሚቀመጥበት ቦታ ስም ስለሚቀየር ነው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ሜኑስ ውስጥ ገብታችሁ አዲሱን ቦታ ምረጡለት። ዊጀቶቹም (አድራሻና ስልክ የመሳሰሉት የገቡባቸው ትንንሽ ሳጥኖች) ኢንአክቲቭ የሚለው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቋችኋል።

ገፁ ላይ በማእዘን ቅንፍ ውስጥ ያለ የማይገባ ፅሁፍ ተዝረክርኮ ካያችሁ ግን ሌላ ነገር ነው። የድሮው ቴም ከራሱ ፔጅ ቢልደር (ያለ ኮድ ገፅ መስሪያ) ጋር ይመጣ ነበር ማለት ነው፣ ቴሙ ሲሄድ ቢልደሩም ሄደ፣ ኮዱ ብቻ ቀረ። ቢልደሩ ለብቻው እንደ ፕለጊን የሚገኝ ከሆነ መልሳችሁ ጫኑት፣ ካልሆነ ገፁን እንደ አዲስ መስራት ግድ ነው፣ አቋራጭ የለውም።

እኔ ጋር አሮጌው ነው፣ ሌላ ሰው ጋር አዲሱ

ካሽ ነው፣ ሳይቱ በፍጥነት እንዲከፈት ተብሎ የተቀመጠ የድሮ ቅጂ። ኮንትሮልና ኤፍ 5 ባንዴ ተጫኑ፣ ወይ ኢንኮግኒቶ (የብራውዘሩን የግል መስኮት) ክፈቱ፣ ከዛ የካሽ ፕለጊኑንና ሆስቲንጉ ላይ ያለውን ካሽ አፅዱ። ይሄን ሳታደርጉ "አልሰራም" ብላችሁ ሌላ ነገር መነካካት አትጀምሩ፣ ብዙ ብልሽት የሚመጣው ካልተበላሸ ነገር ጥገና ነው።

ደንበኛ መፃፍ አቆመ

እዚ ጋር ቆም በሉ። ምልክቱ ዝምታ ስለሆነ ሰው ገበያው ቀዝቅዟል ብሎ ያልፈዋል፣ ዲዛይኑ ከተቀየረበት ቀን ጋር ማንም አያገናኘውም። ደንበኛው ፎርሙን ሞልቶ ላክ ይላል፣ አረንጓዴ ፅሁፍ "መልእክትዎ ተልኳል" ይለዋል፣ መልስ ይጠብቃል፣ እናንተ ምንም አልደረሳችሁም፣ በሱ ቤት ንቃችሁታል።

መንስኤው ብዙ ጊዜ ከሶስት ባንዱ ነው። አንደኛው፣ ከቴሙ ጋር የመጣውን ዲሞ (የናሙና ገፆች) ኢምፖርት ስታደርጉ ፎርሙ የራሱን ተቀባይ አድራሻ ይዞ መጣ፣ ወይ ደግሞ ከስራ የለቀቀ ሰው ኢሜይል ላይ ቀረ። ሁለተኛው ሰው የማይጠረጥረው ነው፣ ፎርሙ "ላኪ" የሚለው ቦታ ላይ የደንበኛውን ኢሜይል እያስገባ ይልካል፣ ተቀባዩ ሰርቨር ደግሞ በዛ ሰው ዶሜን (ኢሜይል ላይ ከ@ በኋላ ያለው) ስም የመላክ ፈቃድ የሌለው ሰርቨር መሆኑን አይቶ ይጥለዋል ወይ ስፓም ውስጥ ይከተዋል። ሶስተኛው፣ ሳይቱ ያለ ኤስኤምቲፒ (በራሳችሁ ኢሜይል አካውንት በኩል የሚላክበት መንገድ) በሰርቨሩ ተራ መላኪያ ነው የሚልከው፣ እሱ ብዙ ጊዜ አይታመንም።

ስትሞክሩት በድርጅቱ ኢሜይል አትሞክሩት፣ የውስጥ ለውስጥ ስለሆነ ሊሰራ ይችላል፣ ከስልካችሁ በዋይፋይ ሳይሆን በዳታ፣ በግል ኢሜይላችሁ እንደ ደንበኛ ሙሉት። ካልደረሰ ስፓም እዩ፣ ተቀባዩን አድራሻ እዩ፣ ላኪው ላይ የራሳችሁን ዶሜን ኢሜይል አድርጉና የደንበኛውን "ሪፕላይ ቱ" የሚለው ላይ አስገቡ፣ ከዛ የኤስኤምቲፒ ፕለጊን ጭናችሁ ከኢሜይላችሁ ጋር አገናኙት። የምለምናችሁ ደግሞ፣ መልእክቱን ዳታቤዝ ውስጥም የሚያስቀምጥ የፎርም ፕለጊን ተጠቀሙ፣ ኢሜይሉ ቢጠፋ እንኳን መልእክቱ ዳሽቦርድ ላይ ይኖራል። ክፍያ የምትቀበሉ ከሆነም የመግዣ በተኑን ተጭናችሁ "ከፈተልኝ" ብላችሁ አትተዉት፣ ክፍያው አልቆ ደረሰኙ ኢሜይላችሁ እስኪገባ ሂዱበት።

ጎግል ላይ ጠፋን

መጀመሪያ አንድ ሳጥን እዩ፣ ሴቲንግስ ከዛ ሪዲንግ፣ "ዲስከሬጅ ሰርች ኢንጂንስ" የሚለው ላይ ራይት ምልክት አለ ወይ? አዲሱ ዲዛይን ሌላ ቦታ ሲሰራ ጎግል እንዳያየው ተብሎ ይደረጋል፣ ከዛ ሳይቱ ሲወጣ ማንሳት ይረሳል። በዚች አንድ ሳጥን ምክንያት ሙሉ ሳይት ከጎግል ይወጣል።

እሱ ካልሆነ ብዙ ጊዜ ሊንኮቹ ተቀይረዋል። የገፆቹን ስም "ለማሳመር" ስትቀይሩ የድሮው አድራሻ 404 (ገፁ የለም) ይሆናል፣ ጎግል የሚያውቀው ግን የድሮውን ነው፣ ሌላ ሰው ሳይታችሁን የጠቀሰበት ሊንክም ወደዛው ነው የሚሄደው። መፍትሄው ከያንዳንዱ አሮጌ አድራሻ ወደ ተመሳሳዩ አዲስ ገፅ 301 ሪዳይሬክት (ቋሚ ማዞሪያ) ማድረግ ነው። ሁሉንም ወደ መነሻ ገፅ መወርወር አያዋጣም፣ ጎግል እንደጠፋ ገፅ ነው የሚቆጥረው። የድሮ አድራሻዎቹ ጠፍተውባችሁ ከሆነ ሰርች ኮንሶል (ጎግል ለሳይት ባለቤቶች የሚሰጠው መሳሪያ) ላይ ታገኟቸዋላችሁ፣ የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽንም ብዙ ጊዜ የድሮውን ሳይት ከነሊንኩ ይዞት ይገኛል። ሪዳይሬክቱን ቢያንስ ለ1 አመት አታንሱት፣ ጎግል ራሱ የሚመክረው እንደዛ ነው። አሮጌው ቴም ውስጥ በእጅ የገባ የአናሊቲክስ ኮድ ከነበረም አብሮ ሄዷል፣ ሰው መግባት ያቆመ የሚመስለው አንዳንዴ የሚቆጥረው ኮድ ስለጠፋ ብቻ ነው።

ኮምፒውተር ላይ ያምራል፣ ስልክ ላይ ግን ይዘገያል ወይ ተበላሽቷል

ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ 5 ሜጋባይት ፎቶ ነው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ። በሚታይበት ስፋት ልክ አሳንሱት፣ ወደ ዌብፒ (ቀለል ያለ የፎቶ ፎርማት) ቀይሩት። ከላይ የሚንሸራተተውን ስላይደር ብታወጡትም ደስ ይለኛል፣ ይከብዳል እንጂ ብዙ ሰው አያየውም። ደግሞም ጎግል ሳይታችሁን የሚመዝነው በስልክ በሚታየው ነው።

የድርጅቱ ኢሜይል ሙሉ በሙሉ መግባት አቆመ

ወደ አዲስ ፕላትፎርም ስትቀይሩ "ኔምሰርቨር ቀይሩ" ብሏችሁ ቀይራችኋል፣ ኔምሰርቨር የዶሜናችሁ መረጃ (ዲኤንኤስ) የሚቀመጥበት ነው። የኢሜይሉ ኤምኤክስ ሪከርድ (ኢሜይል ወዴት እንደሚሄድ የሚናገረው) በድሮው ቦታ ነበር፣ አብሮ አልመጣም። ሪከርዱን ከድሮው ዲኤንኤስ ወይም ከኢሜይል አቅራቢያችሁ ወስዳችሁ አዲሱ ላይ አስገቡት፣ ለውጡ ሁሉም ጋር እስኪደርስ እስከ 48 ሰአት ሊፈጅ ይችላል። ገና ካልቀየራችሁ ደግሞ ኔምሰርቨሩን ሳትነኩ ዌብሳይቱን የሚያመላክተውን ኤ ሪከርድ ብቻ መቀየር ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል።

አፕዴት ሳደርግ ያስተካከልኩት ሁሉ ጠፋ

የቴሙን ፋይል በቀጥታ አርማችሁት ነበር፣ አፕዴቱ ፃፈበት። ቀጣይ ቻይልድ ቴም (ዋናው ላይ ተደርቦ ለውጣችሁን ለብቻ የሚይዝ ቴም) ተጠቀሙ፣ የቀለምና የመጠን ለውጥ ብቻ ከሆነ አዲሽናል ሲኤስኤስ (የመልክ ኮድ መፃፊያ) የሚለው ቦታ ይበቃል።

መቼ ነው ለባለሙያ የሚሰጠው

ሳይቱ ወደማታውቁት ገፅ የሚወስድ ከሆነ፣ የማታውቁት አድሚን ካያችሁ፣ ወይም የሚሸጥ ቴም በነፃ ከሆነ ቦታ አውርዳችሁ ጭናችሁ ከሆነ፣ እራሳችሁ አትታገሉ። እንዲህ አይነት ቴም ውስጥ ብዙ ጊዜ የተደበቀ በር (ሌላ ሰው ሳታውቁት የሚገባበት ኮድ) ይኖራል፣ ቴሙን ብታጠፉትም ሌላ ፋይል ውስጥ ሊቀር ይችላል። ለባለሙያው የኤረሩን ስክሪንሾት፣ ችግሩ የጀመረበትን ሰአትና ከዛ በፊት መጨረሻ የነካችሁትን ንገሩት፣ ያፈራችሁበትንም ጭምር፣ ስራውን በግማሽ ያሳጥርለታል። የራሳችሁን ፓስዎርድ አትስጡት፣ ለሱ የተለየ አድሚን አካውንት ክፈቱለትና ሲጨርስ አጥፉት፣ የሆስቲንጉን ፓስዎርድ ሰጥታችሁ ከነበረም የዛኑ ቀን ቀይሩት።